የእናቴ የፀሐይ ምድጃ

እናቴን ከቤቷ ለማስወጣት ሁለት ዓመት ሙሉ ታግያለሁ። ክፉ ልጅ እንዳልመስል ነገሩን ከሥሩ ልናገር። የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው፤ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ከቤቴ ጎን አንድ ክፍል ሠርቼ፣ ግድግዳውን ቀለም ቀብቼ፣ አልጋ ከነፍራሹ አስገብቼ፣ «ነይና ከእኛ ጋር ኑሪ» ስላት ነው የከረምኩት። እሷ ደግሞ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለችው መንደራችን፣ አባቴ ሠርቶ ትቶላት ከሞተው ቤት ንቅንቅ አልልም አለች። ባለቤቴ የመስኮቱን መጋረጃ ሁለት ጊዜ አጥባ መልሳ ሰቅላዋለች። ክፍሉ ውስጥ ግን ከጎረቤት ድመት በስተቀር ያደረበት የለም።

ምክንያቴ ሳሏ ነበር። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ስትል፣ ቀጥሎ ብርድ ነው ስትል፣ በኋላ ስም ማውጣቱን ተወችና ዝም ብላ ትስል ጀመር። ከምንጩ እስከ ቤቷ ያለችውን አጭር አቀበት ሦስት ጊዜ ሳታርፍ አትወጣትም። ጎትጉቼ ጎትጉቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የመረመራት ሐኪም ልጅ እግር ነው፤ ደረቷን ከፊትም ከኋላም አዳመጠና «እማማ፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» አላት። እናቴ ዞር ብላ እኔን ገላመጠችኝ። ስሟን ያጠፋሁት እኔ መስያታለሁ። ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አስረዳት፤ ዕድሜዋን ሙሉ መስኮት በሌለው ማድቤት የሳበችው የማገዶ ጭስ ደረቷን የአጫሽ ደረት አድርጎታል። እኔን ደግሞ ለብቻዬ ጠርቶ «ከጭስ ካልራቁ መድኃኒቱ ብቻውን አያድናቸውም። ከሰልም ቢሆን እንዳትገዛላቸው» አለኝ።

በባጃጅ ተመለስን። ቤት ገብታ መደቡ ላይ ከተቀመጠች በኋላ፣ «ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ እማ» አልኳት።

«የማን ክፍል?»

«ያንቺ ነዋ!»

«የሚስትህ ቤት ነው» አለች። «እሷም ደግ ናት፣ ምንም አይወጣላት። እኔ ግን ኸሰው ቤት ተጎልቼ ወጥ እስኪደርስ አልጠብቅም። ላሜ እዚህ፣ ደብሬ እዚህ፣ አባትህ የተቀበረው እዚህ። ምን ላደርግ ነው የምሄደው?»

ይህን ስንባባል ጎረቤታችን ገባች። አጥሯ ከእናቴ አጥር ጋር አንድ ነው። ዓረብ አገር አራት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ሠላሳ ያልሞላት ሴት ናት። ከመሄዷ በፊት የእኔ ተማሪ ነበረች፤ ሰባተኛን ሳትጨርስ ነው ያቋረጠችው። እሷ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን ናት፤ እሳትም ጨውም ሲዋዋሱ ይውላሉ። የሐኪሙን ቃል ስነግራት፣ «አብሽሩ እማማ፣ እንጀራውን እኔ ኸራሴ ጋር እጋግርልዎታለሁ» አለቻት። እናቴ በዚህ ተስማማች። «ወጡንም አብሬ ላምጣልዎታ» ስትላት ግን ቆጣ አለች።

«ወጤንማ ራሴ እሠራለሁ። እጄ መች ታመመ?»

«እንግዲያ ፀሐይ ላይ ይጣዱታ!» አለች ጎረቤታችን እየሳቀች። «ወላሂ እዚያ ጣሪያ ላይ ያለው የታንከር ውሃ ኸሰዓት በኋላ እጅ ይልጥ ነበር። የምንታጠበውን በጠዋት ቀድተን ነበር የምናቆየው፣ እስኪበርድ።»

እሷ ቀልዷን ነው። እኔ ግን እልህ ያዘኝ። ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ፀሐይ ስዬ፣ ቀስት አስምሬ፣ «ጨረሩ እዚህ ያርፋል፣ በዚህ ይንፀባረቃል» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ሁሉ ቀስት አንድ እንቁላል ቀቅዬ አላውቅም።

ዓቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ቀርቶት ነበር። «እንግዲያው እንዋዋል» አልኳት እናቴን። «ጭስ የሌለው ምድጃ ሠርቼ አመጣልሻለሁ። ከጾሙ መግቢያ እስከ ፋሲካ እሳት ሳታነጂ ወጥሽን ከሠራሽ፣ ስለዚያ ክፍል ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። አንድ ቀን ካነደድሽ ግን ጓዝሽን ጭኜ እወስድሻለሁ።»

«ማልልኝ» አለች።

«እስጢፋኖስን!»

እናቴ በሐይቅ እስጢፋኖስ የተማለ ነገር አይፈርስም ብላ የምታምን ሰው ናት። እኔም ብዙ የማምንበት ነገር ባይኖር በዚህ በዚህ አልቀልድም። ጎረቤታችን ምስክር ሆነች።

አሁን እውነቱን ልናገር። ምድጃውን ለመሥራት ላይ ታች ስል ልቤ ሙሉ አልነበረም። ቢበላሽም አይከፋኝም ነበር። ከመንደር ስልክ በተደወለ ቁጥር ክፍል ውስጥ ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል፤ ሁልጊዜ ሞቷን ሊነግሩኝ ይመስለኛል። እናቴን ከጎኔ አስቀምጬ ከዚህ ፍርሃት መገላገል ነበር የምፈልገው። ይህን ግን ለእሷ አልነገርኳትም፤ ስለ ሳንባ ብቻ ነበር የማወራው።

ምድጃው ሳጥን ነው። ያረጀ የልብስ ሳጥን ገዛሁ፤ በውስጡ አነስ ያለ ሌላ ሳጥን አስገባሁና በሁለቱ መሀል የጤፍ ጭድ ጠቀጠቅሁበት። የውስጡን ግድግዳ በብርማ ወረቀት ለበጥኩት። አፉን በመስኮት መስታወት ገጠምኩት። መክደኛውን ደግሞ እንዲሁ ብርማ ወረቀት አልብሼ፣ ፀሐዩን ወደ ውስጥ እንዲመልስ በዱላ ደግፌ አቆምኩት። ድስቱ ጥቁር መሆን አለበት፤ ለዚህ ቀለም አላስፈለገኝም። የእናቴ ድስት የስንት ዓመት ጥላሸት ተሸክሟል።

ሳጥኑን በሰው አሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ያየ ሁሉ ቀልድ አላጣም። አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ነፍስ ይማር፣ የማነው?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በመንደሩ ስሙ «የአስተማሪው ሬሳ ሳጥን» ሆኖ ቀረ።

የመጀመሪያው እሁድ ሠራ። በጠዋት ምስሩን ከሽንኩርትና ከበርበሬው ጋር፣ ውሃ ጨምረን ዘጋነው። እኔ ከአጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ፀሐዩ በሸሸ ቁጥር ሳጥኑን አዞርኩ። እናቴ በሥራ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ እሁድ እንደዚያ ባይጾምም ሳጥኑን በዚያው ሰዓት ልንፈትነው ተስማማን። ልክ በሰዓቱ ስንከፍተው እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፤ ምስሩ ተፈርክሷል። እናቴ በእንጀራ ጠቅሳ ቀመሰች፣ አሁንም ቀመሰች፣ «ጨው ያንሰዋል» አለች። ጨውን ከፀሐይ ጥፋት አልቆጠርኩትም። ሐይቅ ስደርስ ለባለቤቴ ያወራሁትን ያህል በሠርጌ ዕለት አላወራሁም።

በሳምንቱ ስመለስ እናቴ ከስታለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ሳጥንህ አኩርፏል» አለች። «አተሩ ጥርስ ይሰብራል። በሶ በጥብጬ ነው የሰነበትኩት።»

ያን እሁድ ራሴ ቆሜ አተሩን ጣድኩት፤ ሟሙቶ ወጣ። ተደሰትኩና ሄድኩ። በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ሆነ፤ እኔ ስኖር ይበስላል፣ ስሄድ ጥሬ ይውላል። መስታወቱን ፈትቼ አፉን በጨርቅ ጠቀጠቅሁ። ብርማውን ወረቀት ቀይሬ ለጠፍኩ። ጭዱን አውጥቼ አድርቄ መለስኩት። የበልጉ ደመና ከአምባሰል በኩል መምጣት ጀምሮ ስለነበር እሱንም ተራገምኩት። እናቴን «በየሰዓቱ ታዞሪዋለሽ?» እላታለሁ። «አዞረዋለሁ» ትላለች። «በመሀል አትከፍቺውም?» «ኧረ አልከፍትም» ትላለች። ውሸት አትናገርም፤ ይህን አውቃለሁ። ደግሞ እሳት አላነደደችም፤ የማድቤቷ ጉልቻ የሸረሪት ድር ተሠርቶበታል። በበሶ ብቻ ስንት ቀን ልትቆይ ነው? ክፍሉ ይታወሰኛል። ያሸነፍኩ ይመስለኛል፣ ወዲያው ደግሞ የጉንጯ አጥንት ትዝ ይለኛል።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ የገበያ ቀን፣ የከሰዓት ክፍል ስላልነበረኝ ሳልነግራት ከች አልኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ደመና የሚባል የለም። ሳጥኑ ግቢው መሀል፣ እኔ ካስቀመጥኩበት ቦታ አለ። መስታወቱ ላይ ግን ነጭ ነጠላ ተዘርግቶበታል፣ ያውም በአራት ማዕዘን በድንጋይ ተይዞ። እናቴ እንደ ዘብ ከጎኑ ተቀምጣለች።

«እማ! ምንድን ነው ይኼ?»

«ነጠላ ነዋ» አለች።

«ፀሐዩን እኮ ከለከልሽው! ስንት ሳምንት በሶ የጠጣሽው ለዚህ ነው?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ይኼ መንገድ ነው።» በእጇ ወደ አጥሩ አመለከተች። ወደ ገበያ የሚወርደው መንገድ አጥሯን ታክኮ ነው የሚያልፈው፤ አጥሩ ከወገብ አይበልጥም። «ምግብ ሜዳ ላይ ይጣዳል? መንገደኛው ሁሉ እያየው? ማን ምን ዓይን እንዳለው በምን አውቃለሁ? ሰው ሲመጣ አለብሰዋለሁ፤ ሲያልፍ እገልጠዋለሁ።»

«ታዲያ አሁን ማን አለ?»

«ያው ይመጣል።»

መንገዱን አየሁት። እውነትም አንዱ ሳያልፍ ሌላው ብቅ ይላል። ነጠላው የሚነሳበት ጊዜ አልነበረም።

«እኔ ስኖር ለምን አታለብሺውም?»

«አንተ ስትኖርማ» አለች ተረጋግታ፣ «ሰው የሚያየው አንተን ነው። ጎልማሳ ሰው፣ ያውም አስተማሪ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ድስት ሲጠብቅ። ድስቱን ማን ልብ ይለዋል?»

በጣም ተናደድኩ። ዓይን ብርሃን ይቀበላል እንጂ እንደማይሰጥ፣ ምግብን የሚያበላሽ ጀርም እንጂ የሰው ዓይን እንዳልሆነ፣ ክፍል ውስጥ እንደምጮኸው ጮኼ አስረዳኋት። ሁሉንም ሰማችኝ። ከዚያ፣ «ትምህርት ቤት ምሳህን ስትበላ ክዳኑን ምን ታደርገዋለህ?» አለችኝ። በግራ እጄ ክዳኑን በምሳ ዕቃው ላይ ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ ነው የምበላው። ባልደረቦቼም ሁሉ እንደዚያው። እንዲህ ብላ ያሳደገችኝ እሷው ናት፤ እኔም እንዲህ አድርጌ ለሃያ ዓመት ስበላ አንድ ቀን ለምን ብዬ አላውቅም።

ሳጥኑን ወደ ጓሮ ልናዞረው አሰብን። ጓሮው የባሕር ዛፍ ጥላ ነው። አጥሩን ከፍ ብናደርገው ጥላው ሳጥኑ ላይ ያርፋል። መንገዱን ማዞር አንችልም። «እንግዲህ አልሆነም» አልኩና እፎይ እንደማለት አደረገኝ። እናቴ እፎይታዬን ሳታየው አልቀረችም። ነጠላዋን አንስታ አጣጠፈች፣ ቀና ብላ ጣሪያዋን፣ ግድግዳውን፣ ላሟን አየች። ያን አስተያየቷን አልወደድኩትም።

ጩኸቴን ሰምታ ኖሮ ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል መጣች። ነገሩን ስንነግራት አልሳቀችም። «ልክ ናቸው እኮ» አለችኝ። «እኔም ብሆን ድስቴን ለመንገደኛ አላሳይም።» ትንሽ አሰበችና ደግሞ፣ «ግን ነጭ ነዋ ያለበሱት» አለች። «መምህር፣ አንቱ አይደሉ ያስተማሩን? ነጭ ይመልሳል፣ ጥቁር ይውጣል ብለው? ሰባተኛ ክፍል። ሁለት ጠርሙስ ውሃ ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ አንዱን በነጭ አንዱን በጥቁር ጠቅልለው።»

አስታወስኩ። ጠርሙሶቹን አስታወስኩ፤ እሷ የት ተቀምጣ እንደነበር ግን አላስታወስኩም። ከእኔ ክፍል አቋርጣ ስትሄድ ለምን ብዬ እንዳልጠየቅኳት አስታወስኩ።

ቤቷ ገብታ ጥቁር አባያ ይዛ ተመለሰች። ከዓረብ አገር ያመጣችው ነው፤ ተጣጥፎ ከሻንጣ ሥር የከረመ። መቀስም ይዛለች።

«ኧረ ተይ፣ ደህና ልብስ አይቆረጥም!» አለች እናቴ።

«አራት ዓመት ኸላዬ ሳይወርድ ለብሼዋለሁ፣ እማማ። ኸመጣሁ ወዲህ ልለብሰው ሞክሬ አልሆነልኝም። ሌላ አባያ አለኝ።» ይህን ብላ እጅጌውን ከትከሻው ለየችው። የቀረውን በድስቱ ልክ ቆርጣ ሰፋችና እንደ ቀሚስ ግጥም አድርጋ አለበሰችው፤ ከሥር በክር ይታሰራል። የለበሰውን ድስት ሳጥኑ ውስጥ አስገብተን መስታወቱን ዘጋን። እናቴ ከግቢው ወጥታ፣ መንገዱ ላይ ቆማ፣ እንደ መንገደኛ አንገቷን አስግጋ ተመለከተች። ከዚያ ራቅ ብላ ከላይ በኩል ሞከረች።

«ጥቁር ነገር ነው የሚታየው» አለች። «ምን እንደሆነ አይለይም። ቆንጆ ነው።»

በማግስቱ ከሰዓት ስልክ ደወለች። ስሟን ስልኩ ላይ ሳይ እንደ ልማዴ ደነገጥኩ። «ሽሮው ተንተከተከ» ብላ ዘጋችው።

በዚያ ዓመት ዓቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ነበር የገቡት። ሳጥኑ ሁለት ድስት ይይዛል። የእናቴ ድስት ለዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል፤ ጎረቤታችን ደግሞ ለማፍጠሪያ የምትሆናትን የአጃ ሾርባ ከጎኑ ታስቀምጥ ጀመር። የእሷም ድስት ከዚያው አባያ ቀሚስ ተሰፋለት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳጥኑ ሲከፈት የእናቴ ይወጣል፤ የእሷን ድስት በብርድ ልብስ ጠቅልለው እዚያው ይመልሱታል። ፀሐይ ስትገባ እንደጋለ ትወስደዋለች። የጾም ምግብ ስለሆነ ቅመሽልኝ መባባልም አልቀረም። ደመና የዋለ ቀን በሶ ነበር፤ ደመናው ግን እንደፈራሁት አልበዛም። በዒዱ ዕለት ስሄድ ጎረቤታችን ሥጋዋን ግቢዋ ውስጥ ከሰል ላይ ትሠራ ነበር፤ በሳጥኑ ያበሰለችው ሩዙን ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ፀሐይ እያለ ከሰል ምን አስፈለጋት ብዬ በልቤ ወቀስኳትና አለፍኩ።

የእናቴ ሳል ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ቀለለ። በሆሳዕና ሰሞን ከምንጩ አቀበቱን አንዴ ብቻ አርፋ ስትወጣ በዓይኔ አየሁ። ሐይቅ ተመልሼ ባለቤቴን «ክፍሉን ብናከራየው ምን ይመስልሻል?» አልኳት። መሸነፌን ያመንኩት ያን ቀን ነው። ለፋሲካ ዶሮ እንዴት እንደሚሠራ እንኳ አስቤ ጨርሼ ነበር፤ ሽንኩርቱ በማለዳ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፣ ረፋድ ላይ ዶሮው ይጨመራል፣ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል። ባለቤቴ «እኔ ሠርቼ ልላክላቸው» ብትል እናቴ «ለፋሲካ ኸሌላ ቤት ወጥ?» ብላ ነበር። የእኔን ዕቅድ ስነግራት ግን ራሷን ነቀነቀችልኝ። እሺ ማለቷ መሰለኝ።

ቅዳም ስዑር ዕለት እንቁላልና ቂቤ ይዤ ስደርስ ቀትር ሆኗል። ከመታጠፊያው ቀና ስል በቤቷ ክዳን ላይ ጭስ አየሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝን ልደብቅ አልችልም። ደስ አለኝ። «በቃ፣ ትመጣለች» አልኩ። ቀጥሎ ነው የተናደድኩት፣ በእሷም በራሴም።

ግቢ ስገባ ፀሐዩ ይፋጃል። ሳጥኑ ክፍት ነው፣ ባዶ ነው፣ ውስጡ ተወልውሏል። ጥቁሩ የድስት ቀሚስ ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ማድቤት ገባሁ። እናቴ ጉልቻው ፊት ቁጢጥ ብላ እየሳለች እሳት ታራግባለች። ድስቱ ተጥዷል።

«ፀሐይ እንዲህ እያለ?» አልኳት። «አንድ ቀን ቀርቶሽ? ልታሸንፊኝ አንድ ቀን ቀርቶሽ?»

ሳሉ እስኪለቃት ጠበቅሁ።

«ሽንኩርቱን በሳጥኑ ነው ያበሰልኩት» አለች። «ዶሮው ታርዶልኝ ሊጨመር ሲል ግን አውጥቼ እዚህ ጣድኩት። ሥጋ እዚያ አይገባም።»

«ለምን አይገባም?»

«ያ ሳጥን እኮ የእሷን ጾም መፍቻ ሲያበስል የከረመ ነው። ድስቷ ኸድስቴ ጎን የተቀመጠበት። ዛሬ የእኛን ሥጋ ባበስልበት፣ ነገ እሷ ምን ብላ ድስቷን ታስገባለች? ምንም አትለኝም፤ ጨዋ ናት። ብቻ መምጣቱን ትተወዋለች።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «በዒዱ ሥጋዋን ከሰል ላይ አልሠራችም? ለምን እንደሆነ የነገረችኝ አለ? እኔም ሳልጠይቅ ነው የገባኝ።»

እኔ አልገባኝም ነበር። ያን ቀን ከሰሏን አይቼ የወቀስኳት ሰው ነኝ።

«ቃልህን አውቃለሁ» አለች እናቴ። «እስጢፋኖስን ብለሃል፤ አንተን ከመሐላህ አላስወጣህም። ዐውቄ ነው ያነደድኩት። ለበዓሉ እዚህ ልዋልና ሰኞ እንሄዳለን።»

ዞር ብዬ በበሩ ወደ ቤት ውስጥ አየሁ። መደቡ ላይ ልብሶቿ ተጣጥፈው በጋቢ ታስረዋል። ላሟን ለማን እንደምትሰጥ ሳታስብ አልቀረችም።

አፈርኩ። ሌላ ቃል የለኝም። ሁለት ዓመት ስለ ሳንባ ሳስተምራት፣ እሷ ቤቷን በአንዲት ጎረቤት ድስት ለውጣ፣ ጓዟን ቋጥራ፣ ተረጋግታ እሳት ታነድዳለች።

ድስቱን አውርጄ መሬት አስቀመጥኩ። እንጨቱን አንድ በአንድ ከጉልቻው አወጣሁ፣ ውሃ ደፋሁበት፣ ፍሙንም አጠፋሁት። እናቴ ያበድኩ መሰላት። ከዚያ ደረቅ እንጨት ደርድሬ፣ በራሴ ክብሪት እንደገና አነደድኩት፣ ድስቱንም መልሼ ጣድኩት።

«ይኼን እሳት ያነደድኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«የቅድሙስ?»

«የቅድሙን አላየሁትም።»

ክንዷን ይዤ አስነሳኋትና ወደ ግቢው አወጣኋት፤ እኔ ድስት ስጠብቅበት የነበረው በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። «ከዚህ ሆነሽ እዘዢኝ» ብዬ ተመልሼ ገባሁ።

ማማሰያ በእጄ ይዤ አላውቅም። «ኸሥር አማስለው፣ ሥጋውን እንዳትበታትነው!» ትለኛለች ከውጭ። «እሳቱን ቀንስ!» ትለኛለች፤ ስቀንሰው ይብስ ይጨሳል። ጭሱ ከጣሪያው ተመልሶ ፊቴ ላይ ይወርዳል። ዓይኔ እንባውን አወረደው፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ድስቱን ማየት አቃተኝና ማሳል ጀመርኩ። ሩብ ሰዓት እንኳ የሞላኝ አይመስለኝም።

«ውጣ ልጄ» አለች እናቴ ከፀሐዩ። «ውጣና ትንሽ ተንፍሰህ ተመለስ። ወጡ የትም አይሄድም።»

ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ተነፈስኩ። በዚያ ማድቤት ስታሳድገን፣ እኔ ግቢው ውስጥ እየተጫወትኩ ሳሏን እሰማው ነበር። ውጪና ተንፍሺ ያላት ሰው አልነበረም። እኔም አላልኳትም።